ሐረጎ ላይ የደረሰችብን ግጭትና የአጎቴ ቃል

ሐምሌ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣን ነው። መሪውን የያዙት አጎቴ ናቸው። እኔ ጎናቸው ተቀምጫለሁ። መኪናዋ የድሮ ኮሮላ ናት፤ አጎቴ እንደ ልጅ የሚሳሱላት።

ክረምት ላይ በሐረጎ ዳገት ያለፈ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ እጅጌህን ሰብስበህ ትነሳለህ። ዳገቱን ስታጋምስ ጋቢ ያምርሃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ500 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ተራራውን እየተጠመጠመ ነው የሚወጣው። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከፊትህ ካለው መኪና የሚታይህ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው።

አንዱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከላይ ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ። መታጠፊያውን ለመያዝ መሃሉን ረግጦ ወደ እኛ መስመር ገባ። አጎቴ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጥተው ፍሬን ያዙ። የአይሱዙው ፊት አለፈን። ካሶኒው፣ የኋላ የጭነት ሳጥኑ ግን አላለፈንም። ግራ ስፖኪዮአችን ተገንጥሎ ሄደ። የፊት ፓራፋንጎው፣ የጎማው መከለያ ቆርቆሮ ተጨራመተ። የሾፌር በር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፋቀ። እኛ እዚያው ቆምን። አይሱዙው 30 ሜትር ያህል ወርዶ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሰው ስላልተጎዳበት ግጭት በመሆኑ ነው። ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ሰው ነው። ፎቶም ወረቀትም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትራፊክ ሪፖርቱ ተስተካክሎ እጃችን እስኪገባ 19 ቀን ፈጀ። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ነገሩን ልናበላሸው ነበር። ሦስቱንም ልንገራችሁ። ብዙ ሰው «ምን የምታክል ጭረት ናት» ብሎ ትቶት ሲሄድ አያለሁ፤ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ልናበላሸው የነበረው ገና ከመኪና ስንወርድ ነው።

የአካባቢው ልጆች ሳንጠራቸው ደረሱ። ቅጠል ቆርጠው ከላይም ከታችም አስፋልቱ ላይ ጣሉ። ትልልቅ ድንጋይ ደረደሩ። እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያ ጉም ሌላ መኪና ላያችን ላይ ሳይወጣ የቀረው በእነሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከኋላችን ዶልፊኖችና አንድ ትልቅ አውቶቡስ ተሰለፉ። ጥሩንባው ተራራውን አናወጠው። «አንሷት እንጂ! ተስማሙና ሂዱ!» የሚል በዛ። አንድ ረዳት ኮሮላዋን ሊገፋ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ ሁለቱን መኪኖች ከሩቅ፣ መንገዱ ከነጠርዙ እንዲታይ አድርጌ አነሳሁ። ከዚያ ታርጋዎቹን። ከዚያ የተጎዳውን ቦታ በሁለቱም መኪና ላይ፤ የአይሱዙው ካሶኒ ጥግ የእኛን ቀለም ይዞ ነበር። መጨረሻ ላይ መሬቱን።

መሬቱን ሰው ይረሳዋል። መኪና ሲመታ ከፓራፋንጎው ሥር የተጋገረው ጭቃ እዚያው ይራገፋል። መስታወትም እዚያው ይረግፋል። መኪኖቹ ከተመቱ በኋላ ወደፊትም ወደ ኋላም ሊሄዱ ይችላሉ። የረገፈው ጭቃ ግን የተመታንበትን ቦታ ይናገራል። የእኛ ጭቃ የወደቀው ከመንገዱ አጋማሽ አንድ እርምጃ ወደ እኛ ገባ ብሎ ነው። አጠገቡ ጫማዬን አድርጌ አነሳሁት፤ ርቀቱ እንዲገመት። ዝናቡ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ አጥቦ ወሰደው። ያቺ ፎቶ ባትኖር ኖሮ ክርክሩ «ገባህ፣ አልገባሁም» ሆኖ ይቀር ነበር።

የአይሱዙው ሾፌር ልጅ እግር ነው። ከሃያ አምስት አይበልጥም። ፊቱ አመድ መስሏል። አጎቴ እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎት ትራፊክ አይጥሩብኝ። መኪናው የሰው ነው። ሥራዬን ያሳጣኛል። በራሴ ገንዘብ አሠራልዎታለሁ፣ ወላሂ።»

አጎቴ አንጀታቸው ተላወሰ። «አብሽር ልጄ፣ ሰው እንኳ አልሞተ» አሉት። ወደ እኔም ዞረው «ተወው፣ ስልኩን ተቀበለውና እንሂድ» አሉኝ።

እዚህ ላይ የምለውን በደንብ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ወሎ የእርቅ አገር ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። ሰው ተጋጭቶ መንገድ ዳር ሲስማማ ማየት ደስ ይለኛል። እርቁን አልጠላሁትም፤ ቅደም ተከተሉን እንጂ። ልጁ የሚያገኘው ደመወዝ በር ቀለም አያስቀባም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስልኩን ባያነሳ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሌለው ነው። ያኔ እኛ ምን ይዘን የት እንሄዳለን? መኪኖቹ ተነስተዋል። ምስክር የሆኑት ተሳፋሪዎች ወልድያና ላሊበላ ገብተዋል።

ሌላም አለ። አጎቴ ያላቸው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መኪና የሚያንቀሳቅስ ሁሉ ይህ ሊኖረው ግድ ነው። ይህ ኢንሹራንስ ግን የራስህን መኪና አያሠራም። አንተ የጎዳኸውን ሰው ነው የሚክሰው። ስለዚህ የእኛን ኮሮላ ሊያሠራ የሚችለው የአይሱዙው ኢንሹራንስ ነው። የአይሱዙው ኢንሹራንስ ደግሞ በቃል አይከፍልም። የትራፊክ ሪፖርት ይፈልጋል።

ይህን ለልጁ እንደ ወንድም አስረዳሁት። «አንተን ላስቀጣ አይደለም። ትራፊክ ከመጣ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። ካልመጣ ግን ዕዳው ያንተ ነው።» ትንሽ አሰበና ዝም አለ። ከዚያ በራሱ ስልክ የደወለው እሱ ነው። አመሰግነዋለሁ።

ፎቶው ካለቀ በኋላ፣ ትራፊኩም በስልክ ሲፈቅድ፣ ኮሮላዋን አራት ሜትር ወደ ጠርዝ አስጠግተን መንገዱን ከፈትን። ጎማዎቹ የነበሩበትን ቦታ ግን አስቀድመን በድንጋይ ምልክት አድርገናል።

ትራፊኩ በ50 ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ጉልምስ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የሁለቱን መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን ወረቀት ተቀበለ። ቦሎውን አየ። ሜትር ዘርግቶ የመንገዱን ስፋት፣ ከጠርዝ እስከ ድንጋዮቻችን ያለውን ርቀት ለካ። ስብርባሪው የቀረበትን ቦታ አየ። ፎቶዎቼን አሳየሁት፤ ጭቃዋ ላይ ቆየ። ፕላኑን፣ የግጭቱን ንድፍ ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ አነሳ። ከዚያ የሁለቱን ሾፌሮች ቃል መቀበል ጀመረ።

ሁለተኛው ልናበላሸው የነበረበት ጊዜ ይህ ነው፤ ከሁሉም የከፋው።

ትራፊኩ አጎቴን «እንዴት ሆነ?» አላቸው። አጎቴ ልጁን አዩት። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ጉም ነው፤ እኔም ሳልፈጥን አልቀርም። ጥፋቱ የሁላችንም ነው» አሉ።

ክው ብዬ ቀረሁ። በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምንወጣው። እግረኛ ይቀድመን ነበር ብል አላጋነንኩም።

አጎቴ አልዋሹም። ውሸት አያውቁም። የተናገሩት ይሉኝታ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲያፍር ካየህ ከሐፍረቱ ላይ ትንሽ ታነሳለታለህ። «የእኔም ጥፋት አለበት» ትላለህ። ያኔ የተቆጣው ይበርዳል፣ የተሸማቀቀው ቀና ይላል። ቡና ረከቦት ዙሪያ ይህን ሲያደርጉ አይቻቸው አድጌያለሁ፤ የሚያምር ነገር ነው። የትራፊክ ቅጽ ላይ ሲሰፍር ግን ያቺ ቃል የእምነት ቃል ትሆናለች።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው። አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ምን እንደሚሆን ይናገራል። መነሻው ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ መቁጠር ነው። ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን የመኪኖቹ ባለቤቶች ይሸከማሉ። ይህ የሚቀየረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት እንደደረሰ ማስረጃ ሲቀርብ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ማስረጃ ከሌለህ ሕጉ ራሱ ግማሹን ጉዳት ተሸከም ይልሃል። ቆመህ ጠርዝህን ይዘህ ብትመታም። ብዙ ሰው «እውነቱ ይታወቃል» ብሎ ሪፖርቱን ይንቀዋል። እውነቱ በራሱ አይታወቅም። የምታሳውቀው ያቺ ወረቀት ናት። በርግጥ ፍርድ ቤት ቢደረስ ዳኛው ሌላ ማስረጃም ያያል፤ ሪፖርቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ለተፋቀች በርና ለተሰበረች ስፖኪዮ ግን ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን አለ? ነገሩ የሚያልቀው በሪፖርቱ ነው።

ትራፊኩ ግን የሰው ልብ ያውቃል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ» አላቸው፣ «ጥፋቱን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። በስንተኛ ማርሽ ነበሩ?»

«በሁለተኛ።»

«የት ጋ ነበሩ?»

«ቀኜን ጠርዙን ይዤ። ሲመጣ ሳየው ፍሬን ያዝኩ።»

«እሱስ?»

አጎቴ ልጁን እንደገና አዩት። «ወደ እኔ ገባ» አሉ፣ በቀስታ።

ይህ ተጻፈ። ከመፈረማቸው በፊት «ይነበብልን» አልኩ። ትራፊኩ ሳይሰለች አነበበው። የመጀመሪያዋ «ሳልፈጥን አልቀርም» አልገባችም። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸውም አዩትና ፈረሙ። የልጁም ቃል ተነበበ፤ «በጉሙ ምክንያት መታጠፊያውን ሰፋ አድርጌ ያዝኩ» ይላል። እሱም እውነቱን ነው የተናገረው።

ስንለያይ የመዝገብ ቁጥሩንና ትራፊኩ የሚገኝበትን ጽሕፈት ቤት ጻፍን። የአይሱዙውን ታርጋ፣ የኢንሹራንስ ውል ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስልክም ያዝን። ልጆቹ ድንጋዩንና ቅጠሉን ከመንገድ ሲያነሱ አጎቴም ጎንበስ ብለው አብረዋቸው አነሱ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ሪፖርት የሚሰጠው ለሚጠይቀው ኢንሹራንስ ነው፤ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። በሦስተኛው ቀን የአይሱዙው ኢንሹራንስ ጋ ሄድን። እዚያ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችን። ግን «ደንበኛችን አደጋ ደረሰብኝ ብሎ አላስመዘገበም። ፋይል ሳይከፈት ደብዳቤ መጻፍ አንችልም። ሪፖርቱ ካላችሁ አምጡና እናየዋለን» አለች።

እዚያ ደብዳቤ አምጡ፣ እዚህ ሪፖርት አምጡ። አጎቴ ከበሩ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ይኸው፣ መንገድ ላይ ብንታረቅ ይሻል ነበር» አሉ። የምመልሰው አጣሁ።

ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ነገሩን ፈታሁት። የተቋጠረው ሁለቱም ቢሮ ላይ አልነበረም። ቁልፉ በአይሱዙው ባለቤት እጅ ነው። እሱ ካስመዘገበ ፋይል ይከፈታል፣ ፋይል ከተከፈተ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤ ካለ ሪፖርት ይወጣል። ለእሱም ቢሆን ጊዜው እየሄደ ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል። ኢንሹራንስ የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ካወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ አለበት ይላል። ሦስቱ ቀን አልፏል። ባለቤቱ ዝም ካለ የሚጎዳው እኛ ብቻ አይደለንም፤ እሱም ራሱን ያለ ሽፋን ሊያስቀር ነው።

በአራተኛው ቀን ኮምቦልቻ ወረድን። ሽማግሌ ይዘን ሄድን፤ አጎቴም የሚያውቋቸው፣ የአይሱዙውም ባለቤት የሚያከብራቸው ሰው። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፤ የእህል መደብር አላቸው። ሾፌራቸው «ትንሽ ተነካካን» ብሎ ብቻ ነግሯቸዋል። ከመደብሩ ጓሮ ቡና ተፈላ። እጣኑ ጨሰ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ልጆች ተወራ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ወደ ነገራችን ገባን።

ሐጂ «እኔ የማምነው ጋራዥ አለ። መኪናዋን አምጧት፣ አሠራታለሁ። ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል፣ ዓረቦን ይጨምሩብኛል» አሉ። ስጋታቸው የሚገባ ነው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው እሺ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ሽማግሌው ቀደሟቸው። «ሐጂ፣ እርቁ እኛ ጋ ነው፣ አልቋል። ወረቀቱን ግን ኢንሹራንሱ ጋ ይሂዱና ያስመዝግቡ። ነገ አምስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በኪስዎ ማሠራት ከፈለጉ ማን ይከለክልዎታል? አሁን ዝም ብለው ቢቆዩና ጋራዡ ያልጠበቁትን ሒሳብ ቢያመጣብዎ ግን ወደ ኢንሹራንሱ መመለሻ የለዎትም።»

ሐጂ ስኒውን አስቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉ። «ይህን ማንም አልነገረኝም» አሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ተመራርቀን ወጣን። በማግስቱ ጠዋት ከእኛ ቀድመው ኢንሹራንሱ በር ላይ ደርሰው አገኘናቸው። ቅጹን ሞሉ። ልጁም ቃሉን ሰጠ። ደብዳቤው በዚያው ቀን ከሰዓት እጃችን ገባ። ቢሮዎቹ የቋጠሩትን የፈታው ሽማግሌውና ቡናው ነው፤ እውነቴን ነው።

ደብዳቤውን ለጽሕፈት ቤቱ ካስገባን በኋላ የሳምንት ያህል ጠበቅን። ፕላኑን ያነሳው ትራፊክ ለሥራ ወጥቶ ነበር። የሚጽፈው እሱ ነው፤ ያየው እሱ ስለሆነ። በ13ኛው ቀን በታሸገ ፖስታ ተሰጠን። አጎቴ ፖስታውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት።

ሦስተኛው ስህተት በዚያ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ የእኛው ስህተት ነው።

ኢንሹራንሱ ፖስታውን ከፍቶ ሲያመሳክር የኮሮላዋ የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። አንድ አሃዝ ተለውጧል፤ 3 የነበረው 8 ሆኗል። ለምን? ከማመልከቻው ጋር ያስገባነው የሊብሬ ኮፒ ነው ጥፋተኛው። አጎቴ ያንን ኮፒ ለዓመታት በኪሳቸው ይዘውት ዞረዋል። ታጥፎ ታጥፎ ቁጥሩ ደብዝዟል። 3 እንደሆነ የሚያውቀው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እኔም ሳላየው ነው ያስገባሁት።

ማስተካከያው ሌላ 6 ቀን ወሰደ። ዋናውን ሊብሬ ይዘን ሄድን፣ የማስተካከያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ እንደገና ታሸገ። በዚህኛው ጊዜ ከመታሸጉ በፊት «ቁጥሮቹን ብቻ አሳዩን» ብለን ለመንን። ፈቀዱልን። ታርጋውን፣ ሻንሲውን፣ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ አንድ በአንድ ከወረቀታችን ጋር አመሳከርን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሪፖርት የምታወጡ ሁሉ ይህችን ሁለት ደቂቃ ለምኑ። ኮፒም ስታስገቡ በዚያው ቀን ከዋናው ላይ የተነሳ አዲስ ኮፒ ይሁን።

ሪፖርቱ የሚለው አጭር ነው። የአይሱዙው አሽከርካሪ መታጠፊያ ላይ ከመስመሩ ወጥቶ በመግባቱ፣ ቀኙን ይዞ ይመጣ የነበረውን አውቶሞቢል በካሶኒው የኋላ ጥግ እንደመታው ይናገራል። ፕላኑ ላይ ግጭቱ የደረሰበት ነጥብ በእኛ መስመር ውስጥ ተመልክቷል። ዝናቡ ያጠባት ጭቃ እዚያ ወረቀት ላይ አለች።

የቀረው ብዙም የሚወራ አይደለም። የኢንሹራንሱ ባለሙያ መኪናዋን አየ። ከጋራዦች ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች በአዲስ ዕቃ ላይ የርጅና ተቀናሽ ነበረበት፤ እሱን ተከራክረን ትንሽ አሻሻልን። ፓራፋንጎው በላሜራ ሥራ ተመለሰ። በሩ ተቀባ። ስፖኪዮው ያገለገለ ነው፣ ግን ልኩ ነው። አጎቴ ከኪሳቸው የጨመሩት የቀለም ልዩነቱን ነው፤ ሙሉውን ጎን ካልቀባሁ ብለው።

በዚህ መሃል ያገኘኋቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ያኔ ዝም ብለን ሄደናል፣ አሁን ምን እናድርግ?» የግጭቱ ቀን ካለፈም ፈጥኖ ማመልከት ከዝምታ ይሻላል። ፎቶ ካለ፣ ተሳፋሪ ካለ፣ የሌላው መኪና ታርጋ ካለ ይዞ መሄድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ በሩ ወዲያው አይዘጋም። ግን ፕላን ያልተነሳለት ግጭት ላይ ትራፊኩ ያላየውን አይጽፍም። አይቼዋለሁ ብሎ እንዲጽፍላችሁም አትለምኑት። እንዲህ ያለ ሪፖርት ነገ በእናንተም ላይ ይጻፋል።

ክፍያው የመጣ ዕለት አጎቴ ባንክ ቤት በር ላይ ቆመው ስልካቸውን አወጡ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለአይሱዙው ልጅ ነው የደወሉት።

«ልጄ፣ ሥራህ ላይ ነህ?»

ድምፁ ከዚያኛው ጫፍ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ሐጂ ተቆጥተውታል፣ ግን አላባረሩትም። አሁንም ድንች ጭኖ እየወረደ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አጎቴ። «በል እንግዲህ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ቀኝህን ያዝ።»